ሥዕሉ ጥርት ያለ፣ ድምፁ የታፈነ የድሮ ቪዲዮ ዴክ፦ ጥፋቱ የካሴቱ ነው ወይስ የማሽኑ?

የካሴት መደርደሪያ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦

ሰላም ለሁላችሁም። በእጄ ያለው ዴክ የቪኤችኤስ ዓይነት ሲሆን ፊቱ ላይ «ሃይ-ፋይ ስቴሪዮ» የሚል ጽሑፍ አለው። ሥዕሉ ለዕድሜው የሚያስደስት ነው፤ ቀለሙ አልደበዘዘም፣ መስመርም አይጥልም። ያስቸገረኝ ድምፁ ነው። አብዛኞቹን ካሴቶች ሳጫውት ንግግሩ ከግድግዳ ማዶ የሚመጣ ያህል ታፍኖ ይሰማል፤ «ሰ» እና «ሸ» እንኳ በቅጡ አይለዩም። ጥቂት ካሴቶች ደግሞ ጸባያቸው ለየት ይላል፦ ድምፁ ለአፍታ ይጠራና «ጨው» ብሎ ተመልሶ ይታፈናል፣ ከዚያም እንደገና ይጠራል። ሙዚቃ ባለባቸው ካሴቶች ላይ ደግሞ ረጅም የዜማ ድምፅ ሲመጣ ይዋዥቃል። የማጽጃ ካሴት አስገብቼ ሞክሬያለሁ፤ ለውጥ አላየሁም። ዓላማዬ የቤተሰብ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ስለሆነ፣ ከመጀመሬ በፊት ጥፋቱ ከካሴቶቹ ይሁን ከማሽኑ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ብሎን ፈቺ እንዲህ መልሰዋል፦

የዘረዘሩት አንድ ብልሽት ሳይሆን ሦስት የተለያዩ ብልሽቶች ይመስሉኛል። ደግነቱ ክዳኑን ሳይከፍቱ በጆሮ ብቻ መለየት ይቻላል፤ ይህን ለማድረግ ግን የእርስዎ ዴክ ድምፅን በሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ መንገዶች እንደሚያነብ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው መንገድ ጄቪሲ ቪኤችኤስን እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ሲያቀርብ ጀምሮ የነበረው ተራው ትራክ ነው። የካሴቱ ክር 12.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ይህ ድምፅ የተቀዳው በላይኛው ጠርዝ ላይ ባለች 1 ሚሊ ሜትር በምትሆን ቀጭን መስመር ላይ ነው። የሚያነበውም የሥዕሉን ሄዶች ተሸክሞ ከሚሽከረከረው ሲሊንደር (ድራም) ውጪ ቆሞ የሚገኝ ትንሽ ሄድ (በክሩ ላይ የተቀዳውን የሚያነብ የማግኔት ብረት) ነው፤ ከዚያው ሄድ ግርጌ የሥዕሉን ሰዓት የሚጠብቀውን የታችኛውን ጠርዝ ትራክ የሚያነብ ሌላ ሄድ አብሮት ተሠርቷል። ክሩ በዚህ ሄድ ፊት የሚያልፈው በፓል የቴሌቪዥን ሥርዓት በሰከንድ 23.39 ሚሊ ሜትር፣ በኤንቲኤስሲ ሥርዓት ደግሞ 33.35 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ተራው የሙዚቃ ካሴት እንኳ በሰከንድ 47.6 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ይህ ትራክ ሲፈጠርም ጀምሮ ድሃ ነው፤ በጥሩ ይዞታ ላይ ሲሆን ከ10 ኪሎኸርዝ ብዙም አያልፍም።

ሁለተኛው መንገድ በ1980ዎቹ የመጣው ሃይ-ፋይ ነው። እዚህ ላይ ድምፁ በኤፍኤም ተቀይሮ ድራሙ ላይ በተተከሉ ሄዶች ይቀዳል። የድምፁ ሲግናል ቀድሞ ወደ ክሩ ጠልቆ ይጻፋል፣ ሥዕሉ ደግሞ ወዲያው ከላዩ ይጻፋል፤ ሁለቱ እንዳይቀላቀሉም የሄዶቻቸው የማዘንበያ ማዕዘን የተለያየ ነው፤ የሥዕሉ 6 ዲግሪ ሲሆን የድምፁ 30 ዲግሪ ነው። ድራሙ በፓል በሰከንድ 25 ጊዜ ስለሚዞር የሄዱና የክሩ አንጻራዊ ፍጥነት እጅግ ከፍተኛ ነው፤ ለዚህም ነው የዚህ ድምፅ ጥራት ከተራው ትራክ ጋር ሊወዳደር የማይችለው።

አሁን የእርስዎን ሦስት ምልክቶች ልመልሳቸው። ጠርቶ «ጨው» ብሎ የሚታፈነው፣ ዴኩ የሃይ-ፋይ ሲግናል ሲደክምበት ራሱ ወደ ተራው ትራክ ስለሚሸሽ፣ ሲግናሉ ሲመለስም አብሮ ስለሚመለስ ነው። ሁልጊዜ የሚታፈነው ካሴት ምናልባት ሃይ-ፋይ ድምፅ ጭራሹን ያልተቀዳበት ነው፤ እዚያ ላይ የሚሰሙት የቆመውን ሄድ ሁኔታ ብቻ ነው። መዋዠቁ ደግሞ ክሩን ከሚጎትተው ክፍል የመጣ ይመስለኛል።

በሪሞቱ ላይ «ኦዲዮ ሞኒተር» ወይም «ኦዲዮ አውትፑት» የሚል ቁልፍ ይኖራል፤ ደጋግመው ሲጫኑት ሃይ-ፋይ፣ ኖርም (ተራው ትራክ) እና ሚክስ (ሁለቱ አብረው) እያለ ይቀያየራል። በመጀመሪያ አንድ የሚዋዥቅ ካሴት አስገብተው በሃይ-ፋይና በኖርም እያቀያየሩ ያዳምጡ። ቀጥሎ በሃይ-ፋይ ላይ ትተውት የድራሙን ሄዶች ከትራኩ ጋር የሚያስተካክለውን የትራኪንግ ቁልፍ በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች ያስኪዱት። ሦስተኛውና ዋናው ደግሞ በዚሁ ዴክ አዲስ ካሴት ላይ ጥቂት ንግግርና ሙዚቃ ይቅዱና መልሰው በኖርም ያጫውቱት። ውጤቱን ሲጽፉልን እንቀጥላለን።

ፈጠን በል እንዲህ መልሰዋል፦

ይህን ያህል መርዘም የሚያስፈልገው አይመስለኝም። የታፈነ ድምፅ የአዚመት፣ ማለትም ሄዱ በክሩ ላይ የሚያዘነብልበት ማዕዘን ጉዳይ ነው። ክዳኑን ይክፈቱ፣ ድምፅ ሄዱ አጠገብ ያለውን ብሎን ካሴት እየሄደ ሳለ ድምፁ እስኪጠራ ድረስ ያዙሩት፣ አለቀ።

ልኬት ወዳድ እንዲህ መልሰዋል፦

ወንድሜ፣ አዚመት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ብሎኑን መጀመሪያ ማዞር ቀሪውን ምርመራ ሁሉ ማበላሸት ነው። ቆሻሻ ያዘለ ሄድም ቀጭኑን ድምፅ ይበላል፣ የተበላ ሄድም ይበላል፣ ጠርዙ የተጨማደደ ክርም እንዲሁ። እነዚህ ሳይለዩ አዚመቱ ከተነካ ጥፋቱ ሁለት ይሆናል።

ምን ያህል ስስ ነገር እንደሆነ በቁጥር ላሳይ። በፓል ፍጥነት 10 ኪሎኸርዝ የሆነ ድምፅ በክሩ ላይ የሚይዘው አንድ የሞገድ ርዝመት 23.39 ሚሊ ሜትር ለ10,000 ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ይህም 2.3 ማይክሮ ሜትር ገደማ ይሆናል። ትራኩ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው፣ የሄዱ ክፍተት ከላይ እስከ ታች በ2.3 ማይክሮ ሜትር ብቻ ቢያዘነብል የሞገዱ ከፍታና ዝቅታ እርስ በርሱ ይጠፋፋና የ10 ኪሎኸርዙ ድምፅ ከነጭራሹ አይሰማም። በማዕዘን ሲሰላ ከአንድ ዲግሪ ሰባት እጅ አንዱ እንኳ አይሞላም። ብሎኑን በግማሽ ዙር የሚያዞር ሰው ይህን ወሰን ብዙ ጊዜ አልፎት ይሄዳል፤ እያዞረ ሲያዳምጥ ከእውነተኛው ነጥብ ራቅ ባለ ቦታ ላይም አነስተኛ የውሸት መጥራት ስለሚገጥመው እዚያው ላይ ሊያቆመው ይችላል።

ብሎን ፈቺ የጠየቁት የራስ ቅጂ ሙከራ ይህን ሁሉ ይፈታል። አዚመቱ የተዛባ ዴክ፣ ራሱ የቀዳውን ራሱ ሲያጫውተው ድምፁ ጥርት ያለ ይሆናል፤ ሲቀዳም ሲያነብም የሚያዘነብለው በአንድ ማዕዘን ነውና። የሌላ ማሽን ካሴት ሲገባለት ግን ይታፈናል። የራሱ ቅጂም ከታፈነ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ሄዱ ቆሽሿል ወይም አልቋል። በአዲሱ ቅጂ ሥር የድሮው ድምፅ በስሱ ከተሰማ ወይም ቅጂው ተንኮሻኩሾ ከወጣ ደግሞ፣ ለመቅዳትና ለመደምሰስ የሚያገለግለውን ከጆሮ ወሰን በላይ የሆነ ሞገድ የሚያመነጨው ወረዳ ተዳክሟል ማለት ነው።

የካሴት መደርደሪያ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ ሙከራዎቹን አድርጌያለሁ። መዋዠቁ በኖርም ብቻ ይሰማል፤ ወደ ሃይ-ፋይ ሳዞረው ያው ዜማ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ትራኪንጉን በእጅ ሳስኬድ «ጨው» የሚለው ድምፅ በአንዱ ካሴት ላይ ፈጽሞ ጠፋ፣ በሌላው ላይ ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የሚገርመው፣ ድምፁ የጠራበት ቦታ ሥዕሉ በጣም ያማረበት ቦታ አይደለም፤ በሥዕሉ ግርጌ ትንሽ ነጠብጣብ ይታያል። በዴኩ የቀዳሁት አዲስ ካሴት በኖርም ሲጫወት ንግግሩ ጥርት ያለ ነው፤ ከመዋዠቁ በስተቀር የሚያስከፋ ነገር የለውም። የድሮ ድምፅም ከሥሩ አልሰማሁም።

ብሎን ፈቺ እንዲህ መልሰዋል፦

መልሶችዎ ሥራውን አቃለሉት። ሃይ-ፋዩ የማይዋዥቀው ዜማው የሚነበበው በድራሙ ዙረት ስለሆነ ነው፤ የክሩ ጉዞ ትንሽ ቢፈጥንም ቢዘገይም የድምፁን ቅጥነት አይለውጠውም። ስለዚህ ድራሙ ደህና ነው፣ የሚያጠፋው ካፕስታኑ (ክሩን የሚጎትተው ዘንግ) እና ክሩን ከካፕስታኑ ጋር አጣብቆ የሚይዘው የጎማ ሮለር ነው። ትራኪንጉ ለድምፅና ለሥዕል የተለያየ ቦታ መፈለጉም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጠልቆ የተጻፈው ሲግናል ደካማ ስለሆነ ሄዱ ከትራኩ መሃል ትንሽ ሲንሸራተት መጀመሪያ የሚሞተው እርሱ ነው። ለመገልበጥ ሲሉ ድምፁ የጠራበትን ቦታ መርጠው ጥቂት ነጠብጣብ መታገሥ ያዋጣል፤ ሥዕሉ ይበልጥብኛል ካሉ ደግሞ ሁለት ጊዜ ቀድተው በኮምፒውተር ማጣመር ይቻላል። ድራሙ ዙሪያ ያሉትን የክር መሪ ምሰሶዎች ግን በምንም ምክንያት አይንኩ፤ እነርሱን ያለ መለኪያ መሣሪያ ወደ ቦታቸው መመለስ የባለሙያ እጅ እንኳ የሚፈራው ሥራ ነው።

አሁን ወደ ጽዳቱ እንግባ፤ አዚመቱ ይቆየን። የማጽጃ ካሴት ያልረዳዎት በዋናነት የሚያሻሸው ድራሙን ስለሆነ ነው። ደረቁ ዓይነት ደግሞ ሄድን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስለሚፍቅ ደጋግሞ መጠቀም አልወድም።

ዴኩን ከግድግዳው ሶኬት ይንቀሉና ክዳኑን ያንሱ። ኃይል ሰጪው ሳጥን ያለበትን ጥግ ይለዩ፤ እዚያ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዘው ስለሚቆዩ እጅዎን አያስገቡ። ከድራሙ በስተቀኝ፣ ክሩ ከድራሙ ወጥቶ ወደ ካፕስታኑ ከመድረሱ በፊት፣ በአንድ ትንሽ ክንድ ላይ የቆመ የሚያብረቀርቅ ብረት ያያሉ፤ የቆመው የድምፅ ሄድ እርሱ ነው። በባትሪ ብርሃን ከጎን ሲያዩት ላይኛው ጫፍ አካባቢ ቡናማ ጭረት ይታያል። ያ ከክሩ እየተፋቀ የቀረ የማግኔት ዱቄት ነው፤ ውፍረቱ ከጠጉር ዘለላ ቢያንስም ክሩን ከሄዱ ክፍተት ስለሚያርቀው በቅድሚያ የሚበላው ቀጭኑን ድምፅ ነው። የሙዚቃ ካሴት ክሩን ወደ ሄድ የሚገፋ ስፖንጅ አለው፣ ቪኤችኤስ ግን የለውም፤ ክሩ ሄዱን የሚነካው በራሱ ውጥረት ብቻ ስለሆነ ትንሽ ቆሻሻም ይጎዳዋል።

የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል አርጥበው ሄዱንና ካፕስታኑን ይጥረጉ፤ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይድገሙት። ካፕስታኑ ያ ቀጥ ብሎ የቆመው ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። በዚያው ጥጥ ድራሙን ግን እንዳይነኩ፤ የጥጡ ክር ሄዱ ጫፍ ላይ ይጠመድና ይሰብረዋል። ድራሙ የሚጸዳው ክር በማይለቅ ለስላሳ ቆዳ ወይም ለዚሁ በተሠራ ወረቀት ሲሆን፣ ቆዳውን ይዘው ቆመው ድራሙን በቀስታ በእጅ ማዞር እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች መጥረግ ፈጽሞ አይገባም።

የጎማ ሮለሩን በጥንቃቄ ይዩት። ጤነኛ ጎማ ደብዘዝ ያለ ጥቁር ነው፣ ጥፍር ሲጫነውም ትንሽ ይሰጣል። ያረጀው መስተዋት መስሎ ያብረቀርቃል፣ ክሩ የሚሄድበት ወገብም ጎድጎድ ይላል፤ ይህ ከሆነ ክሩ ይንሸራተታል፣ ዜማውም ይዋዥቃል። ለጎማ የሚስማማው ለብ ያለ ውኃና ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ነው፤ አልኮል ደጋግሞ ሲነካው ያደርቀዋል። ጽዳት ካልመለሰው መተካት አለበት፤ የደነደነ ሮለር ክሩን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እየገፋ ጠርዙን ያጨማድዳል፣ ላይኛው ጠርዝ ከተጨማደደ የተራው ድምፅ፣ ታችኛው ከተጨማደደ ደግሞ የሥዕሉ ሰዓት ለዘለቄታው ይበላሻል። ስለዚህ ይህ ሳይስተካከል የቤተሰብ ካሴት አያስገቡበት።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ክዳኑን ከፍተው ካሴት ሲሞክሩ ዴኩ ወዲያው ቆሞ ካሴቱን ቢተፋ አይደንግጡ። የክሩን መጀመሪያና መጨረሻ የሚያውቀው በኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሆነ የክፍሉ ኃይለኛ መብራት ወይም የፀሐይ ጨረር ያሳስተዋል፤ በካርቶን ከላይ ጋረድ ሲያደርጉት ይጫወታል።

ነጭና ቀይ ጃክ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦

ከርዕሱ ሳልወጣ አንድ ልጠይቅ። የእኔ ዴክ ድምፁ አይታፈንም፤ ነገር ግን ከሥሩ ያለማቋረጥ «ኧምምም» የሚል ጉርምርምታ ይሰማል። ካሴት ሳላስገባ እንኳ አለ። ይህም ከሄድ ሊሆን ይችላል?

ልኬት ወዳድ እንዲህ መልሰዋል፦

እህቴ ወይም ወንድሜ፣ ካሴት ሳይገባ የሚሰማ ከሆነ ሄዱን ተጠርጣሪ ከመሆን ነጻ ያውጡት። መጀመሪያ የአንቴናውን ገመድ ከዴኩም ከቴሌቪዥኑም ይንቀሉ። ጉርምርምታው ከጠፋ በሁለት መንገድ መሬት የነካ የገመድ ዙሪት ነው፤ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ካልጠፋ በጆሮ ማዳመጫ አዳምጠው ቅጥነቱን ይለዩ፦ ባለ 50 ኸርዝ መብራት ባለበት፣ ጉርምርምታው 50 ኸርዝ ላይ ከሆነ ገመዶቹንና መከለያቸውን፣ 100 ኸርዝ ላይ ከሆነ ደግሞ ኃይል ሰጪው ውስጥ የደረቀ ካፓሲተርን ይጠርጥሩ። በስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ይህን በቀላሉ ይነግርዎታል።

ዴኩን የሚያገናኙት በአንቴና ገመድ ብቻ ከሆነ ግን ሁሉንም ትተው ስሙ እንደሚነግረን ነጭና ቀይ ጃኩን ይጠቀሙ። በአንቴና የሚወጣው ድምፅ ሞኖ ነው፤ ከዚህም በላይ የድምፁ ሞገድ እንደየሥርዓቱ ከሥዕሉ በ5.5፣ በ6.0 ወይም በ6.5 ሜጋኸርዝ ስለሚርቅ፣ ዴኩና ቴሌቪዥኑ ለተለያየ ሥርዓት የተሠሩ ሲሆኑ የሚሰማው ፍሽሽታ ብቻ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ደህና ዴክ ጥሏል።

ነጭና ቀይ ጃክ እንዲህ መልሰዋል፦

የአንቴናውን ገመድ ስነቅለው ጠፋ። አመሰግናለሁ፤ ወደ ጠያቂው ጉዳይ ተመለሱ።

የካሴት መደርደሪያ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦

ጽዳቱን ጨረስኩ። ቡናማው ጭረት በተባለው ቦታ ላይ ነበር፤ ጥጡ ላይ የዛገ ብረት የመሰለ ቀለም ጥሎ ወጣ። ሮለሩ ግን በታጠበም ጊዜ ማብረቅረቁ አልለቀቀውም፣ ጥፍሬም አልሰጠመበትም፤ ተመሳሳይ ልክ ያለው ከማይሠራ ዴክ ነቅዬ ለወጥኩት፣ መዋዠቁም ቀረ። የታፈነው ድምፅ ትንሽ ተሻሽሏል፣ ሆኖም ከራሱ ከዴኩ ቅጂ ጋር ሳወዳድረው ልዩነቱ አሁንም ግልጽ ነው። አሁን አዚመቱን መንካት ይፈቀድልኛል?

ብሎን ፈቺ እንዲህ መልሰዋል፦

አሁን ተራው ነው። ሌላ ማሽን የቀዳው እየታፈነ የራሱ ከጠራ፣ ሄዱም ንጹሕ ከሆነ፣ የቀረው አዚመቱ ነው።

ሄዱ የተቀመጠበት ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ብሎኖች አሉ፤ አንዱ ከፍታውን፣ አንዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማዘንበሉን፣ አንዱ ደግሞ አዚመቱን ይቆጣጠራል። የትኛው የትኛው እንደሆነ በማሽን ይለያያልና የዴኩን የጥገና መመሪያ ሳያዩ በግምት አይጀምሩ። የሚፈልጉትን ከለዩ በኋላ የብሎኑን ራስና ሰሌዳውን የሚያገናኝ ቀጭን መስመር በጥፍር ቀለም ያስምሩ፤ የጠፋብዎት ቢሆን መመለሻው ይህ ነው።

ለሙከራ የሚያስገቡት በፋብሪካ የተባዛ፣ ተራው ትራክ ላይ ጥሩ ሙዚቃ ያለው ካሴት ይሁን። እነዚህ የተቀዱት በሚገባ በተስተካከሉ ማሽኖች ስለሆነ ከመለኪያ ካሴት ቀጥሎ የሚታመኑት እነርሱ ናቸው። ዴኩን በኖርም ያድርጉት፣ በጆሮ ማዳመጫ ያዳምጡ፣ በማግኔት የማይያዝ ካቻቢቴ ይጠቀሙ። ብሎኑን እጅግ በትንሹ፣ ዙሩን ወደ ሃያ እጅ በመክፈል ያህል፣ ወደ አንድ ወገን ያንቀሳቅሱና ያዳምጡ፤ ከሙዚቃው ይልቅ ከሥሩ ያለውን የክሩን ሽሽታ መከተል ይቀላል። ሽሽታው ስለታም ሆኖ በሁለቱም ወገን ሲያልፉት የሚደበዝዝበት ነጥብ ትክክለኛው ነው።

ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። የሥዕሉን ሰዓት የሚያነበው ሄድ በዚያው ብረት ላይ ስለሆነ፣ ሲጨርሱ ሥዕሉ በትራኪንጉ መሃል ቦታ ላይ እንደ በፊቱ መቆሙን ያረጋግጡ። ሥዕሉ ከተንቀጠቀጠ ከአዚመቱ ሌላ የነካችሁት ነገር አለ፤ ወደ ጥፍር ቀለሙ ምልክት ይመልሱት።

ልኬት ወዳድ እንዲህ መልሰዋል፦

በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ለመገልበጥ ዓላማ ከዚህ የሚለይ ምክር አለኝ። በቤት ካሜራና በሌሎች ሰዎች ዴክ የተቀዱ ካሴቶች እያንዳንዳቸው የቀዳቸውን ማሽን ጥመት ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ ለትክክለኛው ነጥብ ታማኝ መሆን እነዚያን ካሴቶች አይጠቅማቸውም፤ ለእያንዳንዱ ካሴት ጥቂት አዘንብሎ ማዳመጥና የሚጠራበትን ማግኘት ይሻላል። የፋብሪካው ነጥብ በምልክት ከተያዘ ሲጨርሱ መመለስ ይችላሉ። ብሎን ፈቺ ይህን እንደማይወዱት አውቃለሁ።

ብሎን ፈቺ እንዲህ መልሰዋል፦

አልወደውም፣ ምክንያቱም ብሎኑ በተነካ ቁጥር የሥሩ ስፕሪንግና የብሎኑ ጥርስ ይላላል። በሌላ በኩል ግን፣ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ የሚገለበጥ ካሴት ከሆነ ክርክርዎ ያሸንፋል። ዴኩ ከዚያ በኋላ ለመቅጃ የማያገለግል ከሆነ ለካሴቱ ሲባል ማሽኑን ማድከም ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አዲስ ቪዲዮ ዴክ የሚሠራ ፋብሪካ ስለሌለ፣ የተረፉት ዴኮች በሙሉ የቀረውን ካሴት ለማንበብ ነው የቆዩት።

የካሴት መደርደሪያ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦

ከሩብ ዙር ባነሰ መንካት አዚመቱ ተገኘ፤ «ሰ» እና «ሸ» አሁን ተለይተው ይሰማሉ፣ ሥዕሉም ከቦታው አልተናወጠም። ሁለት ካሴቶች ግን አሁንም አስቸግረውኛል። አንደኛው በኤልፒ፣ ማለትም ረጅም ጊዜ ለመቅዳት ክሩን በሚያዘገየው ፍጥነት የተቀዳ ነው፤ ብሎኑን ወዴትም ባዞረው ድምፁ ደብዛዛ ነው። ሁለተኛው ላይ ደግሞ ሥዕሉን የሚያስረዳ የሰው ንግግር እንደነበረበት አስታውሳለሁ፤ ሃይ-ፋይ ላይ ግን የሚሰማው የሰዎች ጫጫታ ብቻ ነው። ንግግሩ ጠፍቶ ይሆን?

ልኬት ወዳድ እንዲህ መልሰዋል፦

ሁለተኛው አልጠፋም። በድራሙ የተቀዳ ሃይ-ፋይ ድምፅ ሥዕሉ ሳይደመሰስ ሊቀየር አይችልም፤ ስለዚህ «ኦዲዮ ደብ» የሚባለው ቁልፍ አዲሱን ንግግር የሚጽፈው በተራው ትራክ ላይ ብቻ ነው። ኖርም ላይ ያድርጉት፣ ንግግሩን ያገኙታል። ሚክስ ላይ ሁለቱ አብረው ይሰማሉ፤ ነገር ግን ሲገለብጡ በሚክስ አይቅዱት። አንድ ጊዜ በሃይ-ፋይ፣ አንድ ጊዜ በኖርም ለየብቻ ይውሰዷቸውና መጠናቸውን በኮምፒውተር ይወስኑ፤ በሚክስ የተዋሐደውን በኋላ መለየት አይቻልም።

የኤልፒው ጉዳይ ፊዚክስ ነው። በፓል ኤልፒ ክሩ በሰከንድ 11.70 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሄዳል፤ ቀደም ሲል ለ10 ኪሎኸርዝ ያሰላነው 2.3 ማይክሮ ሜትር ሞገድ እዚህ ላይ የ5 ኪሎኸርዝ ድምፅ ሆነ ማለት ነው። ለሄዱ ከባድ የሆነው ሞገድ በሰው ንግግር መካከል ገብቷል። ካሴቱን የቀዳው ማሽንም ቀጭኑን ድምፅ መጀመሪያውኑ ክሩ ላይ አላኖረውም፤ ያልተጻፈውን የሚያነብ ብሎን የለም። በኮምፒውተር ቀጭኑን ድምፅ ከፍ ማድረግ የሚያወጣው ሽሽታውን ነውና ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን መጎተት ይተዉት፤ ከዚያ ይልቅ ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን በጥቂቱ ቢያነሡ ንግግሩ ይለይልዎታል። ያን ካሴት ሃይ-ፋይ ላይም ሞክረውታል? የድራሙ ፍጥነት በኤልፒ አይቀንስምና ሃይ-ፋይ ድምፅ ካለበት ከደብዛዛነቱ ያመልጣሉ።

የካሴት መደርደሪያ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦

ሞከርኩት፤ ሃይ-ፋይ የለበትም፣ የሃይ-ፋይ መብራቱም አይበራም። እንደተባለው ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን በጥቂቱ ከፍ አድርጌ ሳዳምጠው ቃላቱ ይያዛሉ፤ ሽሽታውም አልጨመረም። ባለ ንግግሩ ካሴት ኖርም ላይ ንግግሩን ሰጥቶኛል፤ ሁለቱን ትራኮች ለየብቻ በ48 ኪሎኸርዝ የናሙና መጠን እየቀዳሁ ነው።

ብሎን ፈቺ እንዲህ መልሰዋል፦

በ48 ኪሎኸርዝ መቅዳትዎ ትክክል ነው። የቀሩትን ካሴቶች ከማስገባትዎ በፊት ክዳናቸውን በጣት ገፋ አድርገው ክሩን በብርሃን ይዩት፤ ጥቅሉ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ካዩ ያንን ካሴት አሁን ባጸዱት ዴክ ውስጥ አያስገቡት፤ ሻጋታው ሄዱንና ሮለሩን አልፎ ወደ ቀጣዩ ካሴት ይሄዳል።